ቅማሉ ያለው ስፌቱ ውስጥ ነው፦ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ግርሻንና ተስቦን የሚከላከልበት ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ላይ ክረምት ሲገባ በረንዳ ላይ ወይም ድልድይ ሥር የሚያድር ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ ይለብሳል፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ተጠጋግቶ ይተኛል። ብርዱን የሚችለው እንዲህ ነውና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ችግሩ ለልብስ ቅማልም ከዚህ የተመቸ ኑሮ አለመኖሩ ነው። ዝናቡ ልብስ ማጠብንም ማድረቅንም ይከለክላል፣ የተደራረበው ልብስ ቀንም ሌትም አይወልቅም፣ ቅማሉም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ለመሻገር አንድ ስንዝር መንገድ ይበቃዋል። በደጋው ከተሞች ግርሻ (ከልብስ ቅማል የሚመጣ፣ ሄዶ የሚመለስ ትኩሳት) በክረምት የሚበረታው ለዚህ ነው።

ይህ መመሪያ ጎዳና ላይ ለሚያድሩና እነሱን ለሚያግዙ ነው፤ ለሰፈር ወጣቶች፣ ለማኅበራት፣ በረንዳቸውን ላልከለከሉ ባለሱቆች። ድስት፣ ማገዶ፣ ወፍራም ፌስታልና የከሰል ካውያ ካለ ሥራው ይሠራል።

የትኛው ቅማል?

የራስ ቅማል አለ፣ የብልት አካባቢ ቅማል አለ፣ የልብስ ቅማል አለ። ወረርሽኝ በማምጣት የሚታወቀው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ቅማል ገላ ላይ አይኖርም። የሚኖረውም ቅጫሙን የሚጥለውም ልብስ ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ቆዳ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው፤ በቀን እስከ 5 ጊዜ። ስለዚህ ገላን ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ መልበስ ምንም አይፈይድም፤ ቅማሉ ልብሱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ራስ መላጨትም የራስ ቅማልን እንጂ ይህንን አይነካም።

ሁሉም ነገር የሚሰላው በሚከተሉት ቁጥሮች ነው። ቅጫሙ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። አድጎ የራሱን ቅጫም ለመጣል ሌላ 2 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከሰው ገላ ከተለየና ደም ካጣ ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይሞታል። ከ54 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ ውሃ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ስለሚገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከበቂም በላይ ነው።

ትኋን ያናድዳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ቆዳ ያሳብጣል፤ በሰው ላይ በሽታ ማስተላለፉ ግን አልተረጋገጠም። ጊዜና ማገዶ ካነሰ ቅድሚያው ለቅማሉ ነው።

በሽታው በየት በኩል ይገባል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግርሻ በቅማሉ ንክሻ የሚተላለፍ ይመስላል፤ አይደለም። ባክቴሪያው ያለው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ነው። ቅማሉ ሲጨፈለቅ ፈሳሹ በታከከና በተላጠ ቆዳ፣ ወይም በታሸ ዓይን በኩል ይገባል። ተስቦ (ታይፈስ) ደግሞ በቅማሉ ኩስ ውስጥ ይወጣል፤ ሰውየው ሲያክ ወደ ቆዳው ያስገባዋል፣ ልብሱ ሲራገፍም እንደ አቧራ ተነስቶ ይተነፈሳል። የደረቀ ኩስ በጨርቅ ላይ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት በሽታውን ይዞ ይቆያል። ሦስተኛው ትሬንች ፊቨር የሚባለው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮችን የያዘ ሲሆን፣ ዛሬም እንደ ሲያትል፣ ዴንቨርና ማርሴይ ባሉ ከተሞች ቤት በሌላቸው ሰዎች ላይ ተገኝቷል። አንዳንዴ የልብ በሮችን ያበላሻል።

ከዚህ የሚከተሉት ልማዶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲቃመሉ ቅማሉን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር ማፍረጥ ይቅር። ከስፌቱ ላይ በጨርቅ ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየጠረጋችሁ የፈላ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣሉት። ሁለተኛ፣ ጥፍር አጭር ይሁን፤ ረጅም ጥፍር ቆዳውን ይልጣል፣ የተላጠው ቆዳ ደግሞ በር ነው። ሦስተኛ፣ የተቀመለ ልብስ አይራገፍ። ልብስ ነክታችሁ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቅማል የጋለ ገላ አይስማማውም። አንድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቅማሎቹ እሱን ትተው አጠገቡ ወደተኛው ይሄዳሉ፤ ሰው ሞቶ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ። የታመመ ሰው ጋቢ ሳይቀቀል ለሌላ ከተሰጠ በሽታውም አብሮ ተሰጠ ማለት ነው። ሰው ሆስፒታል ሲገባ ወይም ሲያርፍ ብርድ ልብሱ የጎዳና ጓደኛው ላይ የሚቀረው በችግር ነው፤ ይቅርለት፣ ግን ተቀቅሎ ይሁን።

ፍተሻ

በቀን ብርሃን፣ ልብሱን ገልብጣችሁ እነዚህን ቦታዎች እዩ፦ አንገትጌ፣ የብብት ስፌት፣ የወገብ መታጠፊያ፣ ሱሪው እግር ለእግር የሚገጣጠምበት ቦታ፣ የውስጥ ሱሪ ላስቲክ። ጋቢ ከሆነ ድርቡ የተሰፋበትን ጠርዝና ጥለቱ የተያያዘበትን ቦታ ፈትሹ። ቅማሉ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል፤ ደም ከጠጣ ጠቆር ይላል። ቅጫሙ ከጨርቁ ክር ጋር ተጣብቆ በረድፍ ይቀመጣል፤ ቢራገፍም አይወርድም። ገላ ላይ ቅማል ባይታይም በወገብ፣ በትከሻና በብብት አካባቢ የቆየ እከክና ጠባሳ ካለ ልብሱን ደግማችሁ እዩ።

መቀቀል

ለአንድ ሰው ሙሉ ልብስ (ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ ሱፍ ያልሆነ ሹራብ) 20 ሊትር የሚይዝ ድስት ወይም የዘይት ቆርቆሮ፣ 15 ሊትር ውሃና የጠነከረ ዱላ ይበቃል። ቆርቆሮው ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት ከሆነ ተዉት። ዝናብ ያልጣለበትን ጠዋት ምረጡ፤ ከሰዓት ለማድረቂያ ያስፈልጋችኋል።

1. ኪስ ባዶ ይደረግ። መታወቂያ፣ ብር፣ ስልክ፣ መድኃኒት ይውጣ። ልጆች ኪስ ውስጥ የማስቲሽ ጠርሙስ ወይም ቤንዚን የነካ ጨርቅ ሊኖር ይችላል፤ እሳት አጠገብ አደገኛ ነው። ከመቀማት ይልቅ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የተቀማ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።

2. ልብሱ ሲወልቅ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ በቀጥታ ፌስታል ውስጥ ይግባ። መሬት ላይ አይጣል፣ አይራገፍ።

3. መጀመሪያ ውሃው ይፍላ። ልብሱ ተገልብጦ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ሆኖ ይግባ። በዱላ እየተጫነ አየሩ ይውጣ። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጨርቅ አየር ይዞ ይንሳፈፋል፣ ከውሃው በላይ የቀረ አንገትጌ ላይ ያለው ቅጫም ይተርፋል፣ ከሳምንት በኋላ «ቀቅለን ነበር፣ አልሠራም» ይባላል።

4. ውሃው እንደገና መፍላት ከጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ። እሳት ላይ መቀቀል ካልተቻለ ልብሱን ሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ያለ ምንም ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ ክደኑት፣ 30 ደቂቃ አቆዩት። መለኪያ ከሌለ ጣታችሁን ነካ አድርጋችሁ ወዲያው አንሱ፤ ምንም ሳያቃጥል ካስቆየ ውሃው ቀዝቅዟል፣ ይደገም።

5. በዱላ ወጥቶ ቀዝቀዝ ሲል በሳሙና ይታጠብ። ሳሙናው ለንጽሕና ነው፤ ቅማሉን የገደለው ሙቀቱ ነው።

6. ልብሱ ገና እርጥብ ሳለ ስፌት ስፌቱ በካውያ ይተኮስ። በቶሎ ማለፍ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ቦታ ላይ እስከ 5 ድረስ ቁጠሩ፣ በሁለቱም ወገን። ናይለን ከሆነ በላዩ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ፣ ካልሆነ ይቀልጣል።

7. ገላው በሳሙና ከታጠበ በኋላ ብቻ ይለበስ። አሮጌው ካርቶን ይቃጠል። የማዳበሪያ ከረጢት ይነከር እንጂ አይቃጠል፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ጋቢው፣ ብርድ ልብሱና አብሮ የሚተኛው ሰው ልብስ በዚያው ቀን ካልተሠራ ሁሉም ከንቱ ነው። ከሦስት ጓደኛሞች አንዱን ብቻ ማጽዳት ለቅማሉ አዲስ ማረፊያ ማዘጋጀት ነው። ከዚያ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ፈትሹ። አንድ ሕያው ቅማል ከተገኘ ይደገማል።

የሱፍ ሹራብና ቡልኮ ቢቀቀል ይጨማደዳል፣ የቆዳ ጃኬትም፣ እናቶች ልጅ የሚያዝሉበት አንቀልባም ይበላሻል። ለእነዚህ ቀጥሎ ያለው መንገድ ይሻላል።

እሳት በሌለበት፦ የፌስታል ዙር

ቅማል ያለ ደም ከሳምንት በላይ አይቆይም፣ ቅጫሙም የሰው ገላ ሙቀት ሲርቀው ይከስማል። ስለዚህ ደረቅ ልብስ በሁለት ወፍራም ፌስታል ተደርቦ፣ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ 14 ቀን ከቆየ ቅማሉ አልቋል። ገንዘብም ማገዶም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሌላ የሚለበስ ልብስ ነው።

ሦስት ቅያሪ ያለው ሰው ስሌቱ በራሱ ይሞላለታል። አንዱን በ1ኛው ሳምንት፣ ሁለተኛውን በ2ኛው፣ ሦስተኛውን በ3ኛው ይለብሳል፤ በ4ኛው ሳምንት ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ያ ልብስ 14 ቀን ታሽጎ ቆይቷል። ሁለት ቅያሪ ብቻ ከሆነ ያው በየ14 ቀኑ መቀየር ነው፤ ደከም ያለ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። በተቀየረ ቁጥር ገላን ቢያንስ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና መጥረግ ያስፈልጋል። ሰልባጅ ተራ የተገዛ ወይም የተለገሰ ልብስም ከመለበሱ በፊት ይታሸግ ወይም ይቀቀል።

ይህ ዙር የሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። ልብሱ እርጥብ ሆኖ ይታሰርና ይሻግታል። አይጥ ይቀድደዋል። አፈሳ ሲመጣ ፌስታሉ ቆሻሻ መስሎ ይጣላል። ስለዚህ አንድ የሚያምኑት ባለሱቅ፣ ዘበኛ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ዘንድ ማስቀመጥና የታሰረበትን ቀን ፌስታሉ ላይ መጻፍ ይበጃል። አንድ ገደብ አለው፦ ባለቤቱ ትኩሳት ታሞ ከነበረ ማሸግ ብቻውን አይበቃም። ቅማሉ ቢሞትም ኩሱ ይቀራልና ያ ልብስ የግድ ይቀቀል።

ልብስን በጥቁር ላስቲክ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት በበጋ ሊረዳ ይችላል፤ በክረምት ግን አትመኑት። በበጋም ቢሆን የወፍራም ጋቢ መሃሉ ሳይሞቅ ይቀራል። ካውያ ካለ ካውያውን አስቀድሙ።

የአቡጀዲ ከረጢት

ብርድ ልብስ በክረምት መቀቀልም ማድረቅም ከባድ ነው፤ የጎዳና ቅማል ዋና ምሽግም እሱ ነው። መፍትሔው በብርድ ልብሱና በሰውየው መሃል በቀላሉ የሚቀቀል ነገር ማስገባት ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አቡጀዲ 4 ሜትር ይገዛል፤ ለሁለት ሲታጠፍ ቁመቱ 2 ሜትር ይሆናል፤ ሁለቱ ጎኖች ይሰፋሉ፣ ራስጌው ክፍት ይቀራል። ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ቅማል ከገላ ይርቃል፣ ካውያም በደንብ ያገኘዋል። ሰፋ ላለ ሰው በየጎኑ አንድ ስንዝር ቅጣይ ይጨመራል። ከረጢቱ በአንድ ድስት ይቀቀላል፣ በግማሽ ቀን ይደርቃል።

ልጆች ተቃቅፈው ነው የሚተኙት፤ ተለያይታችሁ ተኙ ማለት በብርድ ሙቱ ማለት ነው። ይተቃቀፉ፣ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ከረጢት ውስጥ ሆኖ። ክረምት በመጣ ቁጥር ብርድ ልብስ የሚያድሉ ሰዎች ዓላማቸው ቅን ነው፤ ይሁንና ከረጢትና ሳሙና የሌለው ብርድ ልብስ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ የቅማል ቤት ይሆናል። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ብርድ ልብሱን ቀነስ አድርጎ ለእያንዳንዱ ሁለት ከረጢት መጨመር ይሻላል ባይ ነን።

ለ20 ሰው የመቀቀያ ቀን ማዘጋጀት

አንድ የ200 ሊትር በርሜል 120 ሊትር ውሃ ተሞልቶበት የ5 ወይም የ6 ሰው ልብስ በአንድ ጊዜ ይቀቅላል። ለ20 ሰው አራት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር እስኪፈላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ደረቅ ማገዶም ይፈጃል፤ ቀጣዮቹ ውሃው ሞቆ ስለሚቆይ ያንሳሉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እሳቱ ካልተለኮሰ የመጨረሻው ሰው እርጥብ ልብስ ለብሶ ይመሻል።

እንዲህ ያለ ቀን የሚወድቀው በማገዶ እጥረት አይደለም። የሚወድቀው ልብሱ እስኪደርቅ ሰዎቹ ምን እንደሚለብሱ ስላልታሰበበት ነው። ለእያንዳንዱ ዙር 6፣ መደራረቡን ለመቻል በጠቅላላው 12 የውሰት ልብስ ያዘጋጁ፤ ሰፊ ቲሸርትና የላስቲክ ሱሪ ይበቃል። የውሰቱም ልብስ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ይቀቀላል። ሁለተኛው የጠብ ምንጭ የልብስ መቀያየር ነው። በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር በፈላ ውሃ ይለቃል፤ የእያንዳንዱን ሰው ልብስ በአንድ የመረብ ከረጢት አድርጎ ባለቀለም ክር መቋጠርና ተመሳሳዩን ክር በእጁ አንጓ ማሰር ይሻላል።

ለሴቶች የተለየ፣ የተከለለ ቦታና ሴት አስተናጋጅ የግድ ነው፤ ይህ ካልተሟላ እናቶችና ልጃገረዶች አይመጡም፣ ያልመጡት ደግሞ ማታ ከመጡት ጋር ይተኛሉ። ልብስ የሚቀበሉ ሰዎች ጓንት ያድርጉ፣ እጅጌያቸውን አንጓቸው ላይ ይሰሩ፣ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ያስገቡ፣ ሲጨርሱ የራሳቸውንም ልብስ ይቀቅሉ።

ስለ መድኃኒትና ስለ መርዝ

ለዚህ ተብሎ የተሠራው 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን ያለበት ዱቄት ነው። ለአንድ አዋቂ 30 ግራም ገደማ በአንገትጌ፣ በእጅጌ፣ በወገብና በልብሱ የውስጥ ስፌት ይነሰነሳል። ልብሱ እስካልታጠበ ድረስ ይሠራል፤ ስለዚህ ከመቀቀል በኋላ እንጂ በፊት አይደረግም። ሕፃናት ላይ ያለ ጤና ባለሙያ አይነካ። የሚዋጥ አይቨርሜክቲን ገላው ላይ ያገኘውን ቅማል ይቀንሳል፤ ልብሱ ካልተቀቀለ ግን ቅማሉ ይመለሳል።

የማይደረገው ይህ ነው፦ የእርሻ ማላታዮን፣ ዲዲቲ፣ የበረሮ ፍሊት ልብስና ገላ ላይ መርጨት፤ በላምባ ወይም በቤንዚን ራስን መቀባት። የእርሻ መርዝ በቆዳ ይገባል። ለሃጭ ከበዛ፣ ላብ ካጠመቀ፣ የዓይን ብሌን ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረ መርዝ ነው፤ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በብዙ ውሃና ሳሙና እያጠባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በላምባ የተቀባ ልጅ እሳት ዳር ሲቀመጥ የሚሆነውን መንገር አያስፈልግም።

ትኩሳት ሲመጣ

ግርሻ በድንገት ነው የሚጀምረው። ብርድ ብርድ ማለት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያና የባት ጡንቻ ሕመም ይከተላሉ። አንዳንዱን ይነስረዋል፣ የአንዳንዱ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ በግራ ጎድን ሥር ያብጣል። ከ3 እስከ 6 ቀን ቆይቶ ይተዋል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ወደ ጭነት ሥራው ይመለሳል፣ ሳምንት ገደማ ሲሆነው እንደገና ይጥለዋል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ10 እስከ 40 ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ሲታከም ከ5 ያንሳል። በተስቦ ግን ትኩሳቱ አይቋረጥም፣ ራስ ምታቱ ይበረታል፣ ሰውየው ይቃዣል፤ ሽፍታው በጠቆረ ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም።

ትኩሳቱ ገና እንደጋለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ምርመራው ባክቴሪያውን በደሙ ውስጥ የሚያገኘው ያኔ ነው። ሲቀርቡ የሚነገረው አጭር ነው፦ «ጎዳና ላይ ነው የማድረው፣ ልብሴ ቅማል አለው፣ ትኩሳቱ በዚህ ቀን ጀመረኝ፣ ከዚህ በፊትም መጥቶ ሄዶ ነበር።» ማፈር ያለ ነው፤ ነገር ግን ቅማሉ ካልተነገረ የግርሻ ነገር ላይታሰብ ይችላል። የደም ምርመራው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ግርሻን አያሳይም። ብዙዎቻችን «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብለን መድኃኒት ተሰጥቶናል፤ ለዚያ የሚውለው የቆየ የደም ምርመራ በቀላሉ ስለሚያሳስት፣ ጎዳና ለሚያድር ሰው በእሱ ብቻ መቆም አይገባም።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ግርሻን የሚያድነው አንቲባዮቲክ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም አንድ መጠን ይበቃል። ግን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በረንዳ ላይ ብቻን መዋጥ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በአንድ ጊዜ ሲፈጀው ሰውነት በኃይል ይነሳል። ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ቀጥሎ ላብ በላብ ይሆንና የደም ግፊቱ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ የተነሳ ሰው ወድቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በጤና ተቋም ይሰጥ፣ ሰውየው ቢያንስ በዚያች ሌሊት እዚያው ተኝቶ ይጠበቅ፣ ፈሳሽ ይሰጠው። ነፍሰ ጡር ከሆነች አንድ ቀን አይታደር፤ ግርሻ ጽንስ ያስወርዳል።

በሽተኛው ሐኪም ዘንድ ሳለ ውጭ ያለው ሰው ሥራ አለበት። ልብሱ፣ ጋቢውና አብረውት ያደሩት ሁሉ ልብስ በዚያው ቀን ይቀቀል። አብረውት ያደሩትን 2 ሳምንት ተከታተሉ፤ ትኩሳት የያዘው ሳይውል ሳያድር ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ2015 በሊቢያና በሜዲትራኒያን በኩል አውሮፓ የደረሱ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ላይ ግርሻ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በኔዘርላንድስና በጣሊያን ተገኝቶ ነበር። እዚያ ያለ ሐኪም ይህን በሽታ በሕይወቱ አይቶት ላያውቅ ይችላልና፣ ከእንዲህ ያለ ጉዞ ወርዶ ትኩሳት የያዘውን ዘመድ የምታስታምሙ ሰዎች የቅማሉን ነገር ራሳችሁ አንሱ።

ወደ ቆላ ሲወረድ

አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ አርባ ምንጭ ወይም መተማ ላይ የሚያድር ሰው ሥጋቱ ከቅማል ወደ ቢምቢ ይዞራል። አጎበር በረንዳ ላይም ይሠራል። በአራቱ ማዕዘን ሲባጎ ታስሮ በበረንዳ ምሰሶና በመስኮት ብረት ይወጠራል፤ ማሰሪያ ከሌለ አራት የቀለም ጣሳ ድንጋይና አፈር ሞልታችሁ ዱላ አቁሙበት። ጫፉ በዙሪያው ከካርቶኑ ሥር ይግባ። መረቡ ገላ ከነካ ቢምቢዋ በላዩ ትነክሳለች፤ ክርንና እግር የሚያርፍበትን ጎን በጨርቅ አግዱ። ሲታጠብ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ያጠፋዋል። አጎበር ውስጥ ሻማም ሲጋራም አይለኮስ። ቢምቢ ለማባረር ጎማና ላስቲክ ማጨስ ሳንባን ነው የሚያቃጥለው።

ድሬዳዋ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ትኩሳት የሚያመጡት ዴንጌ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ተነስተውባታል፤ የሁለቱም ቢምቢ የምትነክሰው በቀን ነው። ሌሊት ሲሠራ አድሮ ቀን ጥላ ሥር የሚተኛ ሰው አጎበሩን ቀንም ይዘርጋ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ የወባ ቢምቢ ደግሞ በከተማ በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ትራባለች፤ ከመኝታ አጠገብ ያለ የውሃ ዕቃ በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ይደፋ፣ ግድግዳው ይፈተግ፣ ይከደን። ዴንጌ ሊሆን የሚችል ትኩሳት ላይ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አይወሰድ፤ ደም ያፈሳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል።

ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚያድር ሠራተኛ የካላዛር ሥጋት አለበት። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትውላለች፤ ከግራር ዛፍና ከምስጥ ኩይሳ ርቆ መተኛት ጥቅም አለው። ትንኟ በጣም ትንሽ ስለሆነች ዓይኑ ሰፋ ያለ መረብ ታልፋለች፤ መድኃኒት የተነከረና ዓይኑ ጠባብ የሆነ አጎበር ምረጡ። ከ2 ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የከሳ ሰውነትና ያበጠ የግራ ጎን ያለበት ሰው የካላዛር ምርመራ ይጠይቅ።

ከቆላ ሠርቶ ተመልሶ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያደረ ሰው ወባም ግርሻም በአንድ ጊዜ ሊኖርበት ይችላል። «ከመተማ መጣሁ» ብሎ ብቻ የነገረ እንደሆነ ወባው ተገኝቶ ምርመራው እዚያው ይቆማል፤ ስለዚህ የት እንደሠራም አሁን የት እንደሚያድርም ሁለቱንም ይናገር፣ ወባ ቢገኝም ስላይዱ (በማይክሮስኮፕ የሚታየው ደም) ለግርሻ ጭምር እንዲታይ ይጠይቅ።